ያኮቡስ ቫንት ሆፍና የሁለት አቅጣጫው ቀስት

የነርቭ ሕዋስን ጠባይ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያጠና ተመራማሪ «ኒውሮን» በተሰኘው ሶፍትዌር የካልሲየም አዮን ከፕሮቲን ጋር መጣመሩንና መላቀቁን ሲገልጽ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ግራና ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ያኖራል፤ በቅንፍም የመጣመሩንና የመላቀቁን የፍጥነት ቋሚዎች ያስከትላል። የዚህን አጻጻፍ መሠረት ለኬሚስትሪ ያበረከተው ሆላንዳዊው ያኮቡስ ሄንሪኩስ ቫንት ሆፍ ነው።

ቫንት ሆፍ እ.ኤ.አ. በ1852 በሮተርዳም ከሐኪም አባት ተወለደ። በዴልፍት፣ በላይደን፣ በቦንና በፓሪስ ተምሮ በ1874 በዩትሬክት የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። በዚያው ዓመት የካርቦን አቶም ትስስሮች ወደ አራት ማዕዘናት እንደሚዘረጉ የሚያስረዳ አነስተኛ ጽሑፍ አወጣ። አንጋፋው ጀርመናዊ ኬሚስት ኸርማን ኮልበ ግን ወጣቱ በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ማስተማሩን አንሥቶ፣ ከዚያ በተዋሰው ክንፋም ፈረስ ሲጋልብ እንደሚቃዥ አድርጎ ተሳለቀበት። (የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበርባት እንጅባራ፣ ፈረስን መሳለቂያ ማድረግ እንግዳ ነገር ነው።) ጊዜ የፈረደው ለቫንት ሆፍ ነበር።

በ1878 በአምስተርዳም ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1884 ስለ ኬሚካዊ ዳይናሚክስ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። እስከዚያ ድረስ ኬሚስቶች የአጸግብሮትን ሁለት ወገኖች የሚያገናኙት በእኩልነት ምልክት ነበር። ምልክቱ የቁስ መጠን አለመጉደሉን ያስረዳል፤ ስለ እንቅስቃሴ ግን ምንም አይናገርም። ቫንት ሆፍ በምትኩ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ቀስቶችን አኖረ። በሚዛን ላይ ያለ አጸግብሮት የቆመ ሳይሆን፣ ሂደቱና ምላሹ በእኩል ፍጥነት የሚካሄዱበት መሆኑን በዓይን አሳየ።

ኋላም በኦስሞሲስ ግፊት ላይ ሠራ፤ በ1896 ወደ በርሊን ተዛወረ፤ በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1911 በርሊን አጠገብ በሽቴግሊትስ ዐረፈ።

ቀስቱ ግን ለሁሉ አይበቃም። በሕዋስ ሽፋን በኩል የሚገባ አዮን ከውጭ የሚመጣ ፍሰት እንጂ ምላሽ ያለው አጸግብሮት ተደርጎ ስለማይጻፍ፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱም ወደ ግራ የሚያመለክቱ ጥንድ ጫፎችን ይጠቀማል። የካልሲየም ጅረት ወደ ሞል የሚለወጠው የጅረቱ ጥግግት በሽፋኑ ስፋት ተባዝቶ፣ ለአዮኑ ሙል 2 እና ለፋራዴይ ቋሚ 96,485 ብዜት ሲካፈል ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ጅረት በልማድ አሉታዊ ስለሆነ በፊቱ የመቀነስ ምልክት ሊደረግ ይገባል። ያ ከተዘነጋ የገባው ካልሲየም እንደ ወጣ ይቆጠራል፤ ሶፍትዌሩም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ስሌቱን ይቀጥላል።