ዊልሰን ቤንትሌይ፤ የበረዶን መልክ ያስቀረ ገበሬ

በሰሜን ሸዋ የምትኖሩ ልጆች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ውርጭን የማያውቅ የለም። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፥ በደብረ ብርሃን ሜዳና ከአንኮበር በላይ ባለው ደጋ፥ ደመናና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ትለቃለች። በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎትም ቀዝቃዛውን ሣር ሲነካ ውሃ ሳይሆን ወዲያው በረዶ ይሆናል። ማለዳ በጎቹን ሊያሰማራ የወጣ ልጅ ሣሩ ዱቄት እንደ ተነሰነሰበት ነጥቶ ያገኘዋል። አመዳይ የምንለው ይህ ነው። ባቄላውን ስለሚያቃጥልበት ገበሬ አይወደውም፤ ፀሐይ ወጥታ ስታጠፋው ሁሉ ደስ ይለዋል እንጂ ጐንበስ ብሎ መልኩን የሚመለከት የለም።

ጐንበስ ብሎ የተመለከተ ግን በአሜሪካ አገር አንድ ገበሬ ነበረ፤ ስሙም ዊልሰን ቤንትሌይ ይባላል። የተወለደው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዘመናት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አገሩ ቬርሞንት፥ መንደሩም ኢያሪኮ ትባላለች፤ ይህችውም በመጽሐፍ ቅዱስ የምትነገረው ሳትሆን በስሟ የተጠራች ናት። በዚያ አገር በብርድ ወራት በረዶ ይዘንማል። ይኸውም እንደ እኛ አገር በረዶ ጠጠር ሆኖ የሚወርድ ሳይሆን፥ እንደ ባዘቶ ለስልሶ ቀስ እያለ የሚወርድ ነው።

እናቱ አስተማሪ ስለ ነበረች እስከ 14 ዓመቱ ድረስ በቤት አስተማረችው። በ15 ዓመቱም ጥቃቅኑን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ሰጠችው። ልጁ አንዲት የበረዶ ቅንጣት ከመነጽሩ ሥር ባኖረ ጊዜ እንደ አበባ ያማረች ሆና ስድስት ቅርንጫፍ አውጥታ አየ። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ጥቃቅን ክፍሎቹ በስድስት ማዕዘን ተሰካክተው ስለሚያያዙ ነው። ወዲያው ወረቀት አንሥቶ ሊሥላት ሞከረ፤ ነገር ግን ሥዕሉን ሳይፈጽም ቀለጠችበት። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እንዲሁ ሆኑበት።

ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ ማንሻ መኪና ተመኘ። አባቱ ግን ይህን ነገር ለእርሻ የማይረባ ከንቱ ድካም አድርጎ ይቈጥረው ነበር። ዋጋውም 100 ዶላር ያህል ነበረና ለገበሬ ቤት ከባድ ነበር። ሆኖም በመጨረሻ እሺ ብሎ ገዛለት። ዊልሰንም መኪናውን ከማይክሮስኮፑ ጋር አጋጠመ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን የሚያስተምረው ሰው አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ተበላሹበት። ተስፋ ሳይቈርጥ እየሞከረ ሳለ ጃንዩዌሪ 15 ቀን 1885 ዓ.ም. አንዲት የበረዶ ቅንጣት ጥርት ብላ ወጣችለት። ያን ጊዜ ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር።

ሥራውን የሚሠራው እሳት በሌለበት ቤት ነው፤ እሳት ካለ በረዶው ይቀልጣልና። በጥቁር ገበታ ላይ የሚወርደውን በረዶ ተቀብሎ መልካሟን ቅንጣት ይመርጣል፤ በቀጭን የእንጨት ስንጥር አንሥቶ በመስተዋት ላይ ያኖራታል፤ በላባም ቀስ አድርጎ ያስተኛታል። ትንፋሹ እንዳያቀልጣት አፉን ይይዛል። ይህን ሁሉ በቶሎ መፈጸም አለበት፤ እጁም በብርድ ይደነዝዛል። ጠል የያዘውን የሸረሪት ድርና በመስኮት መስተዋት ላይ እንደ ቅጠል የሚሣለውን አመዳይም እንዲሁ ያነሣ ነበር። የዝናብን ጠብታ መጠን ለማወቅ ደግሞ ዱቄት በሣሕን አድርጎ ከዝናብ በታች ያወጣና የሚጠቀለለውን ዱቄት ይለካ ነበር። ይህንስ ማንኛችሁም ብትሆኑ በቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ እናታችሁን አስፈቅዱ።

ጎረቤቶቹ እንደ ሞኝ ያዩት ነበር። ከጀርመን አገር ሊቃውንትም የነቀፉት ነበሩ፤ ያማሩትን ብቻ እየመረጠ፥ የሥዕሉንም ዙሪያ በሰንጢ እየፋቀ ያጠቍራል ብለው ነው። ነቀፋው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አብዛኞቹ ቅንጣቶች የተሰበሩ ወይም ጐዶሎ ናቸውና። ዳሩ ግን በሕይወቱ ዘመን ከ5,000 የሚበልጡ የበረዶ ሥዕሎችን አንሥቶ፥ ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት አላገኘም። ሥዕሎቹንም ለትምህርት ቤቶችና ለሊቃውንት አንዱን በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ባለጠጋ አልሆነበትም። ላሞቹን እያለበ፥ ሚስት ሳያገባ በዚያችው እርሻ ኖረ።

በ1931 ዓ.ም. ከሥዕሎቹ ከ2,400 የሚበልጡት በአንድ መጽሐፍ ታተሙለት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያም የሳንባ ምች ይዞት በ23ኛው ቀን አረፈ። በወጣትነቱ አባቱ የገዛለትን ያችን መኪና እስከ መጨረሻው አልለወጣትም ነበር።