ዳግማዊ አጼ ምኒልክ እና የአዲስ አበባ ደን

የአዲስ አበባ ከተማ መሥራች ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በአብዛኛው የሚታወሱት በዓድዋ ድልና ዘመናዊ አስተዳደርን በመጀመራቸው ነው። ከዚህ ባልተናነሰ መልኩ ሊታወስ የሚገባው ሥራቸው ደግሞ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ያለቀባት መናገሻ ከተማ ሳትፈርስ እንድትቆይ ያደረጉት ጥረት ነው። ይህ ጥረት ያስገኘው ጥቅምና ያስከተለው ችግር በዛሬው የከተማዋ አረንጓዴ ልማት ሥራ ውስጥም ትምህርት ሆኖ ይገኛል።

ትውልድና አስተዳደግ

ምኒልክ ከአባታቸው ከንጉሥ ኃይለ መለኮት ሣህለ ሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እጅጋየሁ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሲሞቱ አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ስለያዙ ገና በልጅነታቸው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በዚያም አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ከአጼ ዮሐንስ 4ኛ ሞት በኋላ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ

በዚያ ዘመን መናገሻ በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ አልነበረም። የንጉሡ ሠራዊትና ቤተሰቡ በሰፈረበት አካባቢ ያለው ዛፍ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ ተቆርጦ ሲያልቅ መናገሻው ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወር ነበር። ምኒልክም ከአንኮበርና ከልቼ በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። የእንጦጦ አየር ብርዳማ፣ መንገዱም ለስንቅና ለእንጨት ማመላለሻ አስቸጋሪ ነበር።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከተራራው ግርጌ የሚገኘውን የፍልውኃ አካባቢ ወደዱት። በዚያም ቤት እንዲሠራ በማስደረጋቸው አዲሲቷ ከተማ ተቆረቆረች፤ የምሥረታዋ ዕለትም ኅዳር 14 ቀን 1879 ዓ.ም. ተብሎ ይታሰባል። ስሟን አዲስ አበባ ያሏትም እቴጌይቱ ናቸው። ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ እና ካዛንችስ ተብለው የሚጠሩት ሰፈሮች የሚገኙት ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታና ከፍልውኃ ተያይዞ በሚዘልቀው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። ካዛንችስ የሚለው ስም ግን ዘግይቶ የመጣ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረ ድርጅት አጠራር የተወሰደ ነው።

የማገዶ ችግር

ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእንጦጦና የአካባቢው ጽድና ወይራ እየተመናመነ ሄደ። እንጀራ የሚጋገረው፣ ጠላ የሚጠመቀውና ቤት የሚሞቀው በእንጨት ነበር። የቤቱ ማገርና ምሰሶም እንዲሁ ከዛፍ የሚገኝ ነው። ነዋሪው በየቀኑ ማገዶ ለማምጣት ሩቅ መንገድ መሄድ ግድ ሆነበት። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው ክፉ ቀን በመባል የሚታወቀው ረሃብ፣ ከብት ያለቀበት በሽታም ጭምር፣ ሕዝቡን እጅግ ጎዳ። በሬ ለእርሻ በጠፋበት በዚያ ወቅት ምኒልክ በገዛ እጃቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት በመቆፈር መኳንንቱንና ወታደሩን ለሥራ ማነሣሣታቸው በታሪክ ተመዝግቧል።

የማገዶው ችግር እየከፋ ሲሄድ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አሰቡ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ፤ ከአዲስ አበባም መንገድ ተዘረጋ። ዝውውሩ ቢፈጸም ኖሮ አዲስ አበባ ከእርሷ በፊት እንደነበሩት መናገሻዎች ትተው የሄዱባት ስፍራ ሆና በቀረች ነበር።

የባሕር ዛፍ መምጣት

ይህን ዕጣ የለወጠው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ አገር የገባው ዛፍ ነው። የዛፉ ተፈጥሯዊ መገኛ አውስትራሊያ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ይኖር የነበረ ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደሆነ ይነገራል። ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ጽድና ወይራ ለመድረስ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲፈጅባቸው፣ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለማገር ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ምኒልክ ዛፉን በትእዛዝ ብቻ አላስፋፉም። ችግኙ በዝቅተኛ ዋጋ ለባለ ይዞታዎች እንዲዳረስ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነጻ እንዲሆን አድርገዋል። ነዋሪውም ጥቅሙን በዓይኑ ሲያይ በየግቢው ተከለ። በዚህ ምክንያት መናገሻውን የማዛወሩ ሐሳብ ቀረ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሕንፃም ለቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የእንጦጦ ተራራና የከተማዋ ሰፈሮች በባሕር ዛፍ ተሸፈኑ።

ከዛፉ ጋር የመጣ ችግር

ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ የሚስብ ዛፍ ነው። ከሥሩ ሌላ ዕፅ በቀላሉ ስለማይበቅል በተዳፋት መሬት ላይ አፈሩ ለጎርፍ ይጋለጣል። የከተማዋ ነዋሪዎች ምንጭና ጉድጓዳቸው እየነጠፈ መሄዱን ማስተዋል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1913 ከባሕር ዛፎቹ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ ዐዋጅ ወጣ። ይሁን እንጂ የነዋሪው ማገዶና ገቢ በዛፉ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ዐዋጁ በሙሉ ሳይፈጸም ቀርቷል። የአንድን ዘመን ችግር የፈታ ዛፍ፣ ያለ ልክ ሲተከል ለሚቀጥለው ትውልድ ሌላ ችግር አስረከበ።

የመጨረሻ ዓመታት

አጼ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴርም አብሮ ተቋቋመ፤ ኃላፊነቱም ለከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ተሰጠ። በዚያው ዘመን በስማቸው የሚጠራው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት የባቡር ሐዲድ ግን አዲስ አበባ የደረሰው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቂርቆስ የሚገኘው ለገሐርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ባቡር ጣቢያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለረጅም ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። አጽማቸው ከካዛንችስ በላይ ባለው የቤተ መንግሥት ኮረብታ አጠገብ በታዕካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

ለዛሬው ነዋሪ የሚተርፈው ትምህርት

በካዛንችስና በቂርቆስ የሚያልፉት እንደ ግንፍሌና ባንተ ይቀጡ ያሉ ወንዞች ውኃ የሚጀምረው ከሰሜኑ ከፍተኛ ቦታ ነው። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሚተከል ወይም የሚቆረጥ ዛፍ ከታች ባለው ሰፈር የጎርፍንና የውኃን ሁኔታ ይወስናል። በእንጦጦ ጽድ፣ ወይራና ኮሶን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ ለማልማት እንዲሁም በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነዋሪውንና ተማሪውን ስለ ዕፅዋት ለማስተማር የሚከናወነው ሥራ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ይገልጻል። በመሆኑም ነዋሪዎች በግቢያቸው፣ በወንዝ ዳርቻና በሰፈራቸው ክፍት ቦታ ችግኝ ከመትከላቸው በፊት የዛፉን ዓይነት፣ የሚተከልበትን ቦታና ለምንጭ ያለውን ቅርበት እንዲያጤኑ፤ የተከሉትንም እስኪጸድቅ እንዲንከባከቡ ይመከራል።