የቅባትን ምሥጢር የገለጠው ሚሼል ሼቭረል

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ለተማሪ ትልቅ መካሪ ነው። ነገር ግን የብዙዎቻችን አሳብ ዘወትር የሚያዘነብለው ወደ ጦር መሪዎችና ወደ ነገሥታት ነው። እኔ በዚህ መጽሔታችን የማቀርብላችሁ ሰው ጦር ያልሰበቀ፥ አገር ያልገዛ፥ ነገር ግን ስለ ሞራና ስለ ሳሙና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ተመራምሮ ስሙን በዓለም ያስጠራ ፈረንሳዊ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሚሼል ኤዤን ሼቭረል በ1786 ዓ. ም. አንዤ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። ልጅነቱ ያለፈው በፈረንሳይ አብዮት ሁከት ውስጥ ነው። በ1803፥ ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ወደ ፓሪስ ሄዶ ቮክለን ከተባለው የታወቀ የኬሚስትሪ ሊቅ ዘንድ መማር ጀመረ።

በ1811 ከአሳማ ስብ የተሠራ ሳሙና ሊመረምር ወሰደ። በዚያ ዘመን ሰዎች ሳሙና ማለት ቅባትና አልካሊ እንዲያው ተደባልቀው የሚገኝ ነገር ይመስላቸው ነበር። ሼቭረል በሳሙናው ላይ አሲድ ቢጨምርበት፥ እንደ ዕንቊ የሚያበራ ነገር ተለይቶ ወጣ፤ እርሱም ራሱ አሲድ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ቅባት በአልካሊ ሲፈላ ለሁለት እንደሚከፈል አስረዳ፤ አንዱ ግሊሰሪን ነው፥ ሌላው ከአልካሊው ጋር ተዋሕዶ ሳሙና የሚሆነው የቅባት አሲድ ነው። የሥራውንም ውጤት በ1823 በመጽሐፍ አሳተመ። እርግጥ ነው፥ እርሱ አንድ ብሎ ከቈጠራቸው አሲዶች አንዱ የሁለት አሲዶች ድብልቅ መሆኑን ሌሎች ሊቃውንት በኋላ አገኙ፤ መሠረቱ ግን አልተናወጠም።

በ1825 ከጌ ሉሳክ ጋር ሆኖ ከቅባት አሲድ ሻማ ለመሥራት የፈጠራ መብት ተቀበለ። የሞራ ሻማ ይጨስ፥ ይሸትም ስለ ነበር አዲሱ ሻማ ለድኻው ቤት ትልቅ በረከት ሆነ። ይሁን እንጂ ከንግዱ የተጠቀሙት ሌሎች ናቸው።

እኔን ይልቁን የሚያስደንቀኝ ይኸው ትምህርት በወረቀት ሥራ ውስጥ መገኘቱ ነው። ፓይን የተባለው ዛፍ በውስጡ ቅባትና ሙጫ አለው። በ1884፥ ሼቭረል ገና በሕይወት ሳለ፥ ካርል ዳል የተባለ ሰው እንጨትን በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ ለመቀቀል የፈጠራ መብት አገኘ። በዚህ መንገድ የተቀቀለ የፓይን እንጨት ቅባቱ ይከፈላል፤ የሙጫውም አሲድ ከአልካሊው ጋር ይዋሐዳል፤ ሁለቱም ሳሙና ሆነው ከጥቁሩ ፈሳሽ በላይ ይንሳፈፋሉ። ይህ ሳሙና ካልተገፈፈ ሥራውን ያውካል፤ ቀሪውም ሙጫ በመኪናው ላይ እየተጣበቀ ወረቀቱን ያበላሻል። ከተገፈፈ በኋላ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ቢጨመርበት፥ ልክ ሼቭረል በሳሙናው እንዳደረገው፥ የቅባቱና የሙጫው አሲድ ተለይቶ ይወጣል። ይህም ቶል ኦይል ይባላል፤ ለቀለምና ለሳሙና ሥራ ይሸጣል። ጉድፍ የነበረው ሀብት ሆነ ማለት ነው።

ሼቭረል በቅባት ብቻ አልቆመም። ከ1824 ጀምሮ በጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል አለቃ ነበር። ጥቁሩ ቀለም ደበዘዘ የሚል ክስ ቢቀርብለት፥ ጉድለቱ ከቀለሙ ሳይሆን በአጠገቡ ካሉት ቀለሞች መሆኑን መርምሮ አገኘ። በ1839 ይህንኑ በመጽሐፍ አወጣው፤ ሠዓልያንም ብዙ ተማሩበት።

በ1871 መጀመሪያ የጀርመን ጦር ፓሪስን በመድፍ ሲደበድብ፥ የ84 ዓመት ሽማግሌና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለቃ ነበር። ከተማውን ትቶ አልሸሸም፤ የዕውቀት ቤት በመደብደቡም በዓለም ፊት አቤቱታውን አሰማ። በ1886 መቶ ዓመት ሲሞላው ፈረንሳይ በታላቅ ክብር በዓሉን አከበረችለት። በ1889 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር፥ የኤፌል ግንብ ከተመረቀ ጥቂት ቀን በኋላ፥ በ102 ዓመቱ ዐረፈ። ስሙም በግንቡ ላይ ከተጻፉት 72 ስሞች አንዱ ነው።

ይህ ሰው በእርጅናው ራሱን የፈረንሳይ ተማሪዎች ሁሉ ታላቅ ወንድም አድርጎ ይቈጥር ነበር፤ መምህር መባልን ሳይሆን ተማሪ መባልን ወደደ። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ መቶ ዓመት የኖረ ሊቅ ትምህርቴን ጨረስኩ ካላለ፥ እኛ አንድ ክፍል ባለፍን ቍጥር ደብተራችንን ለመጣል የምንቸኵለው ስለ ምንድን ነው?