ክሪስቲ ብራውንና ግራ እግሩ

በ1932 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር) በደብሊን ከተማ ከአንድ ግንበኛ ቤት የተወለደው ክሪስቲ ብራውን ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው የአንጎል ጉዳት ስለ ነበረበት፣ እጁም ምላሱም አይታዘዙለትም ነበር። ሐኪሞች ልጁ አእምሮ የለውም ቢሏቸው እናቱ አልተቀበሉም። በ5 ዓመቱ በግራ እግሩ ጣቶች ከእኅቱ ጠመኔ ነጠቀ፤ እናቱ ወለሉ ላይ የጻፉለትንም ፊደል አስመስሎ ጻፈ።

ማጉረስና ማልበስ የቤተሰቡ የዕለት ሥራ ሆነ። ወንድሞቹ በአሮጌ ጋሪ እየገፉ ያዞሩት ነበር፤ ጋሪው ሲሰበር ግን ከቤት ዋለ፤ በእግሩም ሥዕል መሣል ያዘ።

ካደገ በኋላ በሎንዶን የመረመሩት ባለሙያ፣ ያ እግር የቀረውን አካል ስለሚያስጨንቅ ከእንግዲህ እንዳይሠራበት አዘዙት። እኛ ብዕር ቢጠፋብን ከጓደኛ እንዋሳለን፤ እርሱ ግን ከማን ይዋስ? ቢከብደውም ታዘዘ። የሕይወቱንም ታሪክ፣ ደራሲም የነበሩት ዶክተር ሮበርት ኮሊስ እየመከሩት፣ ለወንድሞቹ በቃል እየነገረ ያስጽፍ ጀመር። ነገር ግን አንደበቱ ከሐሳቡ ኋላ እየቀረ አስቸገረው። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ እንደ ቀድሞው በግራ እግሩ ጻፈ።

«ግራ እግሬ» የተባለው ያ መጽሐፍ በ1954 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜው 22 ነበር። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በእግሩ ጣት በጽሕፈት መኪና የመታው ልብ ወለድ ወጣለት። በ1981 ዓ.ም. በ49 ዓመቱ ዐረፈ።