አብራ ያደገች መንደር፦ የዚንዘንዶርፍ ሕይወት

ስለ ሪቫይቫል ሲነሣ ለብዙዎቻችን የሚታየን ትልቅ ኮንፈረንስና ኃይለኛ ሰባኪ ነው። ዛሬ የምናነሣው ሰው ያየው መነቃቃት ግን የመጣው የተጣሉ ክርስቲያኖች ቤት ለቤት እየተነጋገሩ ከታረቁ በኋላ ነበር። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒኮላስ ሉድቪግ ፎን ዚንዘንዶርፍ በ1700 ዓ.ም. በጀርመን በድሬስደን ከተማ ከባላባት ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተ፣ እናቱም በኋላ ሌላ ስላገባች ያሳደጉት ጌታን የሚወዱ አያቱ ናቸው። በ10 ዓመቱ በሃለ ከተማ ወደሚገኘው የፍራንከ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም ከጓደኞቹ ጋር አብሮ የሚጸልይ ትንሽ ኅብረት መሠረተ። ቤተሰቦቹ የመንግሥት ሰው እንዲሆን ስለ ፈለጉ ሕግ አጥንቶ በድሬስደን ቤተ መንግሥት ተቀጠረ።

በ1722 በርተልስዶርፍ የተባለውን ርስት ከአያቱ ገዛ። በዚያው ዓመት በእምነታቸው ምክንያት ከሞራቪያ የሸሹ ጥቂት ቤተሰቦች ክርስቲያን ዴቪድ በተባለ አናጺ መሪነት መጡ። እርሱም በርስቱ ላይ እንዲሰፍሩ ፈቀደላቸው። መንደራቸውን ሄርንሁት ብለው ጠሩት፤ የጌታ ጥበቃ ማለት ነው።

ወሬው ሲሰማ ሌሎችም መጡ። በ1727 የሰፈሩ ሕዝብ 300 ያህል ደርሶ ነበር። ሞራቪያውያን፣ ሉተራውያንና የተሐድሶ አማኞች እያንዳንዳቸው የለመዱትን ሥርዓት ይዘው ስለ መጡ ክርክሩ በረታ። አንዳንዶቹ ከደብሩ ጉባኤ ተለዩ። መጠጊያ የሰጣቸውን ዚንዘንዶርፍን እንኳ የራእይ መጽሐፍ አውሬ ያሉት ነበሩ። ለክርስቶስ ብለው አገራቸውን የተዉ ሰዎች እርስ በርሳቸው መኖር አቃታቸው!

ባለ ርስት ነበርና ሊያባርራቸው ይችል ነበር። እርሱ ግን ከቤተ መንግሥት ሥራው ፈቃድ ወስዶ ወደ መንደሩ ተዛወረ። በየቤቱ እየገባ አዳመጠ፣ አስተማረ፣ አብሮ ጸለየ። ሜይ 12 ቀን 1727 ሕዝቡን ሰብስቦ የመለያየትን ኃጢአት ለረጅም ሰዓት አስረዳቸው። በዚያ ቀን በአንድነት ለመኖር የወንድማማችነት ስምምነት ተቀበሉ፤ 12 ሽማግሌዎችም ተመረጡ። በዚያው ክረምት ምእመናኑ ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር በጥቂት በጥቂት ሰው ተከፍለው ልባቸውን ይገላለጡ፣ ይመካከሩ፣ አንዱ ለሌላው ይጸልዩ ጀመር።

ኦገስት 13 በበርተልስዶርፍ ቤተ ክርስቲያን ለጌታ እራት ተሰበሰቡ። በመካከላቸው መንፈስ ቅዱስ በኃይል ሠራ፤ ተቀያይመው የነበሩት እያለቀሱ ተቃቀፉ። በዚያው ወር መጨረሻ 24 ወንዶችና 24 ሴቶች ሰዓት ተከፋፍለው ቀንና ሌሊት ሊጸልዩ ቃል ገቡ። ያ የጸሎት ሰንሰለት ከ100 ዓመት በላይ ቀጠለ።

ፍሬውም ሩቅ ደረሰ። በ1732 ሸክላ ሠሪው ሊዮናርድ ዶበርና አናጺው ዴቪድ ኒችማን በባርነት ላሉት ወንጌልን ሊያደርሱ ወደ ካሪቢያን ደሴት ወደ ሴንት ቶማስ ሄዱ፤ በ1733 ሌሎች ወደ ግሪንላንድ ተላኩ። ከዚህ ኅብረት የወጣው ሐኪም ሆከርም አገራችን ኢትዮጵያ ለመድረስ ተስፋ አድርጎ በ1752 ካይሮ ገብቶ ነበር፤ ሆኖም መንገዱ አልተከፈተለትም።

ዚንዘንዶርፍ ፍጹም ሰው አልነበረም። በ1739 ሴንት ቶማስን ሲጎበኝ ባሪያዎቹን ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ መከረ እንጂ ባርነትን አልተቃወመም። በ1740ዎቹም ሄርንሃግ በተባለው ሌላ ሰፈራቸው አምልኮው በስሜት ብቻ የሚነዳ ሆነ። ከመሪዎቹ አንዱ የገዛ ልጁ ነበር፤ የእርሱም ትምህርት ለዚህ በር ከፍቷል። ዘግይቶም ቢሆን በ1749 ልጁን ከኃላፊነቱ አንሥቶ ስሕተቱን ገሠጸ።

ከ1736 ጀምሮ ለዓመታት ከአገሩ ተሰድዶ ሲኖር ባለቤቱ ኤርድሙተ ዶሮቴያ ርስቱንና የኅብረቱን ወጪ በማስተዳደር ትልቅ ሸክም ተሸከመች። እርሱም ሜይ 9 ቀን 1760 በሄርንሁት ወደ ጌታው ሄደ።

ወገኖች ሆይ፤ ሄርንሁት ያደገችው ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ አልነበረም፤ ልዩ ልዩ እንደሆኑ በአንድ ማዕድ ለመቅረብ ስለ ወሰኑ ነው። ዛሬ በአጥቢያችን የማንነጋገረው ወንድም፣ የቀየምናት እህት ይኖሩ ይሆን? ለሪቫይቫል ከመጸለያችን በፊት በራቸውን እናንኳኳ። በቤት ለቤት ኅብረታችንም ጥናቱን ጨርሰን ከመበተን ይልቅ አንዳችን የሌላችንን ሸክም እንስማ። ማቴዎስ 5፥23-24ን አብረን እናንብብ።

ጌታ አብረን የምናድግበትን ጸጋ ያብዛልን። አሜን።