ኢልያ ሜችኒኮፍና የግርሻ ትኩሳት

ኢልያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1845 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ በካርኪቭ አቅራቢያ ተወለዱ። የእንስሳት ጥናት ሊቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1881 በኦዴሳ ሳሉ ከግርሻ ሕመምተኛ የተወሰደ ደም ወደ ገላቸው አስገብተው በጽኑ ታመሙ፤ ከሞትም ለጥቂት ተረፉ።

ግርሻ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ፣ ብርድና መጨናነቅ ባለበት የሚበረታ ትኩሳት ነው። በአርሲ ደጋም ይታወቃል፤ የአሰላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚህ በሽታ የተያዙ ሕፃናትን አክሟል።

ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያን፣ በመሲና ከተማ፣ በባሕር ኮከብ እጭ ገላ ውስጥ እሾህ ሰክተው በማግስቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ከበውት አገኙ። ከዚህም ተነሥተው ነጭ የደም ሕዋሳት ተዋሲያንን ውጠው እንደሚያጠፉ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1888 በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመሩ። ሌሎች ሊቃውንት ግን የሰውነት መከላከያ በሕዋሳቱ ሳይሆን በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ነው በማለት ይሟገቷቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1903 አልምሮዝ ራይትና ስቱዋርት ዳግላስ በለንደን ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ ግኝት ይፋ አደረጉ። በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙ ነገሮች፣ ዛሬ ፕሮቲኖች መሆናቸው የታወቀው፣ በተዋሲው ላይ ሲለጠፉ ነጭ ሕዋሳት በቀላሉ ይውጡታል። እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና የደም ፈሳሹን ወገን ለያዙት ለፓውል ኤርሊኽ በአንድነት ተሰጠ። ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1916 በፓሪስ አረፉ።

ይህ ዕውቀት ግርሻ ለምን እንደሚያገረሽ ያስረዳል። ሰውነት ለተዋሲው የሚስማማ ፕሮቲን ሲያዘጋጅ ተዋሲው ከደም ይጸዳል፤ ትኩሳቱም ይበርዳል። ጥቂቶቹ ተዋሲያን ግን የላይ ሽፋናቸውን ለውጠው ያመልጣሉ። የቀድሞው ፕሮቲን ስለማይለጠፍባቸው ይራባሉ፤ ከቀናት በኋላም ትኩሳቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ትኩሳቱ በረደ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ብርቱ ራስ ምታት የያዘው ሰው፣ በተለይም ቅማል ካለበት፣ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ምርመራ ሊያደርግ ይገባል። በሽታው በፀረ ተዋሲያን መድኃኒት ይድናል። ሆኖም ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊያጋጥም ስለሚችል፣ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ገዝቶ መውሰድ አይገባም። የቤተሰቡን ልብስና መኝታ በፈላ ውኃ ማጠብም በሽታው ወደ ሌሎች እንዳይተላለፍ ይረዳል።