የእንዶዱ ሰው፡ ዶ/ር አክሊሉ ለማ

በኮንና በዙሪያዋ ባሉት የዋድላ ቀበሌዎች የእንዶድ ነገር ለማንም አዲስ አይደለም። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ይመታል፤ አረፋው ነጠላና ጋቢ ያነጣል። ሳሙና በየሱቁ ከገባም በኋላ ለነጭ ልብስ እንደ እንዶድ ያለ የለም የሚሉ እናቶች አሉ። ከኮን ወጥተው ወልድያ፣ ደሴ ወይም ባሕር ዳር የሚማሩ ልጆቻችን ደግሞ ለእረፍት ሲመለሱ ወሬያቸው ሁሉ ስታርትአፕ ሆኗል። ገና ሳይመረቁ ድርጅት ስለማቋቋም፣ ስልክ ላይ ስለሚሠራ መተግበሪያ፣ ገንዘብ ስለሚያወጣ ሰው ያወራሉ። መልካም ነው። እናቶቻቸው የሚያጥቡበትን ይህን ፍሬ ይዘው ዓለምን የተሟገቱትን የዶ/ር አክሊሉ ለማን ሕይወት ግን ብዙዎቹ አያውቁትም።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት በ1964 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት አገራቸው ገብተው ሥራ ጀመሩ። ዕድሜያቸው ሠላሳ አልሞላም። የተማሪነት ሽታ ገና ያልለቀቃቸው ወጣት መምህር ነበሩ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያ ሥራቸው የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ወደ አድዋ መውረድ ሆነ።

ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። የቢልሃርዝያ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይሄድም። ከበሽተኛው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ የገባው እንቁላል ይፈለፈልና በውኃው ውስጥ የምትኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንደ ኮን ባለ ብርዳማ ደጋ ብዙም አይበረታም፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ግን ልጆች የሚዋኙበት ወንዝ ሁሉ ያሰጋል። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተያዙ ይገመት ነበር። እንግዲህ ቀንድ አውጣዋን የገደለ የበሽታውን መንገድ ዘጋ ማለት ነው። ይህን የሚሠራ ኬሚካል በአውሮፓ ፋብሪካዎች ይመረት ነበር፤ ዋጋው ግን ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም።

በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ልብ ያሉት ነገር ቢኖር ከሴቶቹ በታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን ነው። ከላይ በኩል ያሉት በሕይወት አሉ። አንዷን ሴት ለመኗትና የእንዶዷን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ጨመረችላቸው። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ግኝቱ ይኸው ነው። ለስንት ዘመን በየወንዙ ስናጥብ የኖርን ሕዝብ ከታች በኩል ዞር ብለን አላየንም ነበር።

በተማሪነት ዘመኑ ፈጠራ ሠርቶ ድርጅት ያቋቋመ ሰው ሲነሳ እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ትዝ ይለኛል። በ1856፣ የአሥራ ስምንት ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለ፣ የወባ መድኃኒት እሠራለሁ ብሎ በቤቱ ሲሞክር ሐምራዊ ቀለም አገኘ። በዚያው ዓመት ፓተንት አወጣ፣ መምህሩ እየተቃወመው ኮሌጁን ተወ፣ አባቱ ጥሪቱን አፈሰሰለትና በዓመቱ ፋብሪካ መሠረቱ ተጣለ። ልጁ ጎበዝ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ፓተንት የሚመዘግብ ቢሮና የሚከስር አባት ነበረው።

የአክሊሉ መንገድ ሌላ ነበር። ኩባንያ ሳይሆን የምርምር ተቋም አቋቋሙ፤ በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው መሩት። የዕፅዋት ባለሙያው ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየክፍለ አገሩ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው አወዳደሩና ኢ-44 የተባለውን ብርቱ ዝርያ ለዩ። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይቶ ሲያወጣ በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተባለ። በአድዋ ከተማ ደግሞ እንዶድ ለአምስት ዓመት ያህል በወንዞቹ ተሞከረ። ከትንንሽ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ወጪው ለአንድ ሰው በዓመት አሥር የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥራው በየአገሩ ይዘመታል ብሎ የሚጠብቅ የዋህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውጤቱን ለመቀበል አመነታ። የመርዛማነት ምርመራው የተቀመጠውን የላቦራቶሪ ሥርዓት አላሟላም ተባለ፤ ድገሙት ተባለ። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ሰው በሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመርን ነገር ማንም በአፍ ምስክርነት አይቀበልም። ያም ሆኖ ድሃ አገር እንዲህ ያለ ውድ ምርመራ ከየት አምጥቶ ያሠራል? ምርመራው በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በወጉ እስኪካሄድ ድረስ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ አለፈ። አክሊሉ በዚህ መሀል ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ እንዶዱን ግን አልተዉትም። በ1989 እሳቸውና ለገሠ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። አክሊሉ ግኝታቸውን በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙት። በብዙ አገሮች ሕግ አንድ ፈጠራ ፓተንት የሚያገኘው አዲስ ከሆነ ብቻ ነው፤ የታተመ ነገር ደግሞ የሁሉም ነው። ለነገሩ በአገራችን ያኔ የፓተንት አዋጅ አልነበረም፤ አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። በእኔ ግምት ማሳተማቸው ትክክል ነበር፤ ድሆች እንዲጠቀሙበት የታሰበ ነገር በቁልፍ አይያዝም። ዛሬ ተማሪ የሆነ ልጅ ግን ሁለቱንም ማድረግ ይችላል፤ ማመልከቻውን ከኅትመቱ አንድ ቀን ማስቀደም ብቻ ነው። ለውድድር ብሎ በአደባባይ ከመዘርገፉ በፊት ግን ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል።

ነገሩ በ1990ዎቹ በሌላ በኩል መጣ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የሚባል ዛጎል ለበስ ተባይ የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን ጀመር። አክሊሉ በ1990 በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ሄደው ሳለ እንዶድ በዚህ ተባይ ላይ ተሞከረና ገደለው። ለዚህ አዲስ አጠቃቀም ፓተንቱን የያዘው ዩኒቨርሲቲው ነው። ዕውቀቱ የማን ነው የሚል ክርክር ተነሳ፤ የእንዶድ ጉዳይም የድሃ አገሮች የዕፅዋት ሀብት ያለ ፈቃድ መወሰዱን ለሚቃወሙ ሁሉ ማሳያ ሆነ። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482ን ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጊዜም አልጠበቃቸውም። ምርመራው ሲጓተት ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ወጣ፣ ዋጋውም እየረከሰ ሄደ። የጤና ባለሥልጣናት ቀንድ አውጣ ከማሳደድ ይልቅ ሰውን ማከም ቀለላቸው። የታከመ ልጅ እዚያው ወንዝ ተመልሶ ሲገባ እንደገና መያዙ ግን አልቀረም።

ዶ/ር አክሊሉ በ1997 አረፉ። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። እንዶድ በአገሩ ገበያ ዛሬም የሚፈለገው ለልብስ ማጠቢያ ነው።